ጣና ላይ ነፋስ ሲነሳ

ስለ ቶርኔዶ የሚጠይቁኝ ተማሪዎች የያዙት ሥዕል አንድ ነው፤ ከደመና ሥር ተንጠልጥሎ መሬት የሚነካ፣ ቤትና መኪና እየነቀለ የሚሄድ ጥቁር ዓምድ። ጥያቄያቸውም ያው ነው፤ «መምህር፣ ባሕር ዳር ይመጣል?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ቀስ ተብሎ መነገር አለበት። ዓምዱ እኛ ዘንድ ብርቅ ነው። እሱን የሚወልደው የነጎድጓድ ደመና ግን ብርቅ አይደለም። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ በጣና ዙሪያ ደጋግሞ ይቆማል፤ ያለ ምንም ዓምድም ቆርቆሮ ይገነጥላል፣ ታንኳ ይገለብጣል፣ በመብረቅ ይገድላል። ስለዚህ የምንማረው ይህን ደመና ነው፤ መቼ እንደሚመጣ፣ ከመምጣቱ በፊት ምን ምልክት እንደሚሰጥ፣ ሲመጣ የት መሆን እንዳለብን።

አስቀድመን ስለ ቶርኔዶው ያለውን እንጨርስ። ቶርኔዶ የሚፈጠረው መሬት አጠገብ ያለው ነፋስና ከላይ ያለው ነፋስ በፍጥነትም በአቅጣጫም ክፉኛ ሲለያዩና ደመናው ራሱ መሽከርከር ሲጀምር ነው። ሁሉም የነጎድጓድ ደመና አይሽከረከርም። ወደ ምድር ወገብ በቀረብን ቁጥር ይህ የነፋስ ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ ይደክማል፤ ባሕር ዳር ደግሞ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ዓምዱ የሚበረታባቸው አገሮች ሌሎች ናቸው። በሚያዝያ 1981 ዓ.ም. ባንግላዴሽ ውስጥ አንድ ቶርኔዶ ብቻውን 1,300 ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኡምታታ ከተማን ሲመታ ፕሬዚዳንት ኔልሰን ማንዴላ እዚያው ከተማ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነበሩ፤ ጠባቂዎቻቸው በሰውነታቸው ሸፈኗቸው። ጠባቂዎቹ ያደረጉት በትክክል የሚመከረው ነው፤ ከመስኮት መራቅ፣ ዝቅ ማለት፣ ራስን መሸፈን።

ዘመድ አሜሪካ ያላችሁ ይህን ንገሯቸው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት በዳላስ አጠገብ ያለችው ጋርላንድ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. በቶርኔዶ ስትመታ ከሞቱት ሰዎች ብዙዎቹ መኪና ውስጥ የነበሩ ናቸው። እዚያ አገር ሁለት ዓይነት መልእክት ይተላለፋል። አንዱ «ሊፈጠር ይችላልና ተዘጋጁ» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ታይቷል፣ ወይም ራዳር ይዞታል» የሚል ነው። ሁለተኛው ሲሰማ ልብስ መቀየርም ሆነ ቪዲዮ ማንሣት የለም፤ ወደ ቤቱ የታችኛው ፎቅ፣ መስኮት ወደሌለው የመሐል ክፍል መግባት፣ ራስንና አንገትን በፍራሽ ወይም በክንድ መሸፈን ነው። መኪና ይዞ ለመሸሽ መሞከር ከቤት መቆየት የባሰ ነው።

ውኃ ላይ የሚነሳ ቀጭን ዓምድም አለ፤ በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ታይቷል። ከመሬቱ ቶርኔዶ አብዛኛውን ጊዜ ደካማ ቢሆንም ትንሽ ጀልባን ለመገልበጥ አያንስም። ጣና ላይ ሳላችሁ እንዲህ ያለ ነገር ብታዩ ከፊቱ ቀድማችሁ ለማምለጥ አትሞክሩ፤ እሱ የሚሄድበትን አቅጣጫ ለዩና ወደ ጎን ራቁ።

አሁን ወደ ራሳችን ደመና እንመለስ። የመጀመሪያው እርምጃ ሰዓቱን ማወቅ ነው። ይህን ትምህርት ከሌላው ሁሉ አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም ጣና የራሱ የሆነ ሰዓት አለው። ቀን ላይ ፀሐይ የጉናን፣ የጮቄን፣ የሰሜንን ተራሮች ታሞቃለች። ጉናም ጮቄም ከ4,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ ሐይቁ ግን 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። የሞቀው አየር በተራሮቹ ወገብ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቅዞ ደመና ይሠራል። ለዚህ ነው በተራራው ዙሪያ ነጎድጓዱ ከቀትር በኋላ የሚሰማው። ፀሐይ ስትጠልቅ ነገሩ ይገለበጣል። ተራራው ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛው አየርም ስለሚከብድ በየሸለቆው ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ውኃው ግን ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ከየአቅጣጫው የወረደው አየር በሞቀው ውኃ ላይ ይገናኝና መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል፤ በሐይቁ መሐል ደመና ይቆማል። ተመራማሪዎች በሐይቁ ዙሪያ በተተከሉ የዝናብ መለኪያዎች ያዩትም ይህንኑ ነው፤ ተራሮቹ ላይ ዝናቡ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ሲሆን ሐይቁ ላይና በደቡብ ዳርቻው ግን ሌሊት ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ያለችው በደቡብ ዳርቻው ነው።

ይህ ምን ያስተምረናል? ለአሳ አጥማጅ ሌሊቱ ሥራው ነው፤ መረቡን ማታ ጥሎ ንጋት ላይ ያነሳል። ስለዚህ ማዕበሉ የሚመጣው እሱ ውኃ ላይ ሳለ፣ ደመናውን በዓይኑ ማየት በማይችልበት ሰዓት ነው። በቪክቶሪያ ሐይቅም በየዓመቱ ብዙ አሳ አጥማጆች የሚሞቱት በዚሁ በሌሊቱ ማዕበል ነው። ቀን ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደቅ ለሚሻገር መንገደኛ ደግሞ ጧቱ ይመረጣል። ከጧቱ 2 ሰዓት ላይ ጸጥ ያለው ውኃ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ያው ውኃ አይደለም። ጧት ሄዶ ከቀትር በፊት መመለስ የሚችል ሰው ማታን አይጠብቅ።

ሁለተኛው እርምጃ ምልክቱን ማንበብ ነው። ከደመናው የሚወርደው ዝናብ በመንገዱ ያለውን አየር ይዞ ይወርዳል። ከዝናቡ ከፊሉ እየተነነ አየሩን ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘው አየር ይከብዳል፣ ፍጥነት እየጨመረም ይወርዳል። መሬት ሲደርስ መግቢያ የለውም፤ ባልዲ ሙሉ ውኃ ሲሚንቶ ወለል ላይ ሲደፋ እንደሚሆነው በየአቅጣጫው ይበተናል። ይህ የተበተነ ነፋስ ከዝናቡ ቀድሞ ይደርሳል፤ ሲበረታም በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ጣሪያ የሚገነጥለውና ባሕር ዛፍ የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው፤ ሰው በማግሥቱ «ቶርኔዶ ነበር» ብሎ የሚያወራውም ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው። መለያ ዘዴ አለው። የወደቁት ዛፎች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ከተኙ ወይም ከአንድ ቦታ ወደ ውጭ ከተበተኑ ቀጥተኛ ነፋስ ነው፤ እርስ በርስ ተጠላልፈው በጠባብ መስመር ከወደቁ ዞሯል ማለት ነው።

ከመድረሱ በፊት የሚታየው እንዲህ ነው። አየሩ ሞቆ፣ ቅጠል ሳይንቀሳቀስ ቆይቶ በድንገት ፊት ላይ ቀዝቃዛ ነፋስ ይመጣል፤ የእርጥብ አፈር ሽታም ይዞ ይመጣል። ከደመናው ሥር ዝቅ ያለ ጥቁር ጠርዝ ወደ እናንተ ሲገሰግስ ይታያል። ውኃ ላይ ከሆናችሁ በሩቁ የሐይቁ ፊት ድንገት ይጠቁራል፤ ያ ጥቁረት ነፋሱ ውኃውን እየሸበሸበ ሲመጣ ነው፣ ነጫጭ አረፋም ይከተለዋል። ቀዝቃዛው ነፋስ ከነካችሁ በኋላ የሚቀራችሁ ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። ልብስ ከገመድ ለመሰብሰብ አይበቃም፤ ልጅ ጠርቶ ቤት ለማስገባት ግን ይበቃል።

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሲተላለፍ አዳምጡ። ትንበያው ቀኑን ያዘጋጃችኋል፤ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ግን ዓይናችሁ ነው የሚነግራችሁ።

ሦስተኛው እርምጃ ቤቱን ማየት ነው፤ የሚታየውም አሁን፣ ሰማዩ ጥሩ ሳለ ነው። ወደ ጣሪያው ቀና በሉ። ነፋስ ቆርቆሮን ከላይ ገፍቶ አይጥለውም፤ ከላዩ ሲያልፍ ወደ ላይ ይስበዋል፣ በጣሪያው ጫፍ ሥር የገባው ደግሞ ከታች ይገፋዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚለቀው የማዕዘንና የጠርዝ ሚስማር ነው። መሰላል አቁማችሁ የጠርዙን ሚስማር በጣታችሁ ለማወዛወዝ ሞክሩ። ማገሩ ክብ የባሕር ዛፍ እንጨት ከሆነ እርጥብ ሳለ የተመታው ሚስማር እንጨቱ ሲደርቅ ይላላል፤ ከተወዛወዘ ነፋሱም ይነቅለዋል ማለት ነው። መፍትሔው ውድ አይደለም። በጠርዝና በማዕዘን ሚስማሩን ማቀራረብ፣ ረዘም ያለ የቆርቆሮ ሚስማር ተጠቅሞ በማገሩ ሥር የወጣውን ጫፍ አጥፎ መምታት፣ ማገሩን ከወራጁ፣ ወራጁን ከግድግዳው ቋሚ ጋር በወፍራም ሽቦ ማሰር። ከሦስቱ አንዱ ከተረሳ ነፋሱ የሚፈታው የተረሳውን ነው፤ ቆርቆሮው ከማገሩ ጋር ተጣብቆ ከነማገሩ ሲበር ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ጣሪያ ላይ ድንጋይ መጫን ግን አልደግፍም። ቆርቆሮው ከተነሳ ድንጋዩ ሰው ላይ ይወርዳል።

በግቢው ያለውንም ተመልከቱ። ከቤቱ አጠገብ የደረቀ ቅርንጫፍ ያለው ባሕር ዛፍ ወይም ዋርካ ካለ ቅርንጫፉ ይቆረጥ። የተረፈ ቆርቆሮ፣ ጣውላ፣ የፕላስቲክ ወንበር ይታሰር ወይም ይግባ። ገበያ ላይ ሸራ ወጥራችሁ የምትሸጡ ወገኖች፣ ቀዝቃዛው ነፋስ ሲነካችሁ ሸራውን ለመያዝ ከምሰሶው ጋር አትታገሉ፤ ገመዱን ልቀቁት። ነፋሱ ሲመጣ ቤት ውስጥ ያለ ሰው በርና መስኮት ዘግቶ ከመስተዋት ይራቅ፤ መስኮት ከፍቶ ነፋሱን ማሳለፍ ይጠቅማል የሚባለው ስሕተት ነው፣ የገባው ነፋስ ጣሪያውን ከውስጥ ይገፋዋልና።

ወደ ውኃው እንሂድ። የጣና ማዕበል ለምን ክፉ እንደሆነ የሚገልጸው ጥልቀቱ ነው። ሐይቁ ርዝመቱ 84፣ ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ከሁሉ በጠለቀበት ቦታ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ነፋሱ የሚሮጥበት ሜዳ ሰፊ ነው፣ ውኃው ግን ጥልቅ አይደለም፤ ስለዚህ ሞገዱ አጭር፣ ቁልቁል የቆመና ተከታታይ ይሆናል። ጀልባው ከአንዱ ሳይወርድ ሌላው ይደርስበታል። ነፋሱ ከሰሜን ሲመጣ ደግሞ ሐይቁን ሙሉ አቋርጦ ባሕር ዳር ዳርቻ ላይ ይሰበራል።

ከመሳፈራችሁ በፊት የጀልባውን ነጂ ጠይቁ። «ጋሼ፣ ዛሬ አየሩ እንዴት ነው? ላይፍ ጃኬት ለሁላችን አለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እሱም የሚያከብራችሁ ለዚህ ነው። ጃኬቱ ከወንበር ሥር ከተቀመጠ የለም ማለት ነው። ሲገለበጡ ማንም ጎንበስ ብሎ አይፈልገውም፤ ከመሬት ሳትነሱ ልበሱት፣ ማሰሪያውንም እሰሩ። በሐይቁ ገዳማት በዓል ቀን ጀልባ ሲጠብ «ትንሽ ጠጋ በሉ» የሚል ድምፅ ስትሰሙ ወርዳችሁ የሚቀጥለውን ጠብቁ። ስለ ሌላው ነገር ሁሉ ትዕግሥት አለኝ፤ ስለዚህ ግን የለኝም። ከልክ በላይ የተጫነ ጀልባ ከንፈሩ ለውኃ ይቀርባል፣ አንድ አጭር ሞገድም ይሞላዋል።

ነፋሱ መንገድ ላይ ከያዛችሁ ሁሉም ይቀመጥ፤ የሚነሳ ሰው ጀልባውን ያዘነብላል። የሸራ ጣሪያ ካለው ይጠቅለል፣ ነፋስ ይይዛልና። ነጂው ፍጥነት ቀንሶ አፍንጫውን ወደ ሞገዱ፣ ትንሽ ሰያፍ አድርጎ ይያዝ፤ ጎኑን ለሞገድ የሰጠ ጀልባ ይገለበጣል። መድረሻችሁ ከሩቅ ይታያችኋል ብላችሁ አትግፉ፤ የሚቀርበው ዳርቻ ይበቃል። በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ እንቦጭ አረም ያለበትን ቦታ ራቁ። እንቦጭ ነፋስ በነዳው ይሄዳል፤ ጧት ክፍት የነበረው መግቢያ ማታ ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል፣ ሥሩም በሞተሩ ዘንግ ላይ ተጠምጥሞ ሞተሩን ያቆመዋል። ሞተሩ የቆመ ጀልባ ደግሞ ጎኑን ለሞገድ ይሰጣል።

ታንኳ የሌላ ዓይነት ዕቃ ነው። ከደንገል የታሰረ ስለሆነ ውኃ ቢጠጣም ቶሎ አይሰጥምም። ባለታንኳ ከወደቀ ታንኳውን ይያዝ፤ ዳርቻው የቀረበ ቢመስለውም ትቶት አይዋኝ። ዋና የሚችሉ ብዙ ሰዎች የሞቱት የያዙትን ትተው ሲዋኙ ነው። ቀኑን ሙሉ ውኃ የጠጣ ታንኳ ግን ይከብዳል፣ ዝቅም ይላል፤ ማታ ሌላ ጭነት አይሸከምም።

አሁን ወደ መብረቁ ደረስን፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ጎንደር ያለው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን መጀመሪያ የተሠራው ክብ ሆኖ ነበር፤ ያ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1707 በመብረቅ እንደጠፋ ይነገራል። የሚያሳዝነው ግን ሰው በተሰበሰበባቸው ቤቶች ላይ የደረሰው ነው። በሰኔ 2003 ዓ.ም. ኡጋንዳ ውስጥ ሩንያንያ በተባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መብረቅ 18 ተማሪዎችንና አንድ መምህር ገደለ። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ደግሞ በሩዋንዳ ኒያሩጉሩ ወረዳ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበሩ 16 ሰዎች ሞቱ። ሁሉም ከጣሪያ ሥር ነበሩ። ጣሪያ ሥር መሆን ብቻውን ለምን አላዳናቸውም?

መብረቅ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ መስመርና የውኃ ቧንቧ ያለው የሲሚንቶ ሕንፃ ሲመታ አብዛኛው ኃይል በሽቦውና በቧንቧው፣ በግድግዳው ብረትም ይወርዳል። የጭቃ ግድግዳ ላይ የተከደነ ቆርቆሮ ግን ኃይሉን ይቀበላል እንጂ የሚያወርድበት ብረት የለውም፤ ከቆርቆሮው ወደ ምሰሶው፣ ከምሰሶውም አጠገቡ ወዳለው ሰው ይዘላል። የሣር ቤት ደግሞ ከዚህም በላይ ይቃጠላል። ስለዚህ ማዕበል ሲመጣ አጠገባችሁ የሲሚንቶ ሕንፃ ካለ ወደዚያ ግቡ። ጣሪያውና አካሉ ብረት የሆነ፣ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ወይም ሚኒባስም ጥሩ መጠለያ ነው፤ ኃይሉ በውጭው ብረት ዞሮ ይወርዳልና። ባጃጅ ግን አይደለም፤ ጎኑ ክፍት ነው፣ ጣሪያውም ሸራ ነው። ብስክሌት የሚነዳም ወርዶ ይግባ። ያለው የጭቃ ቤት ብቻ ከሆነ ከዛፍ ሥር ይሻላል፤ ውስጡ ግን ከምሰሶው፣ ከግድግዳው፣ ከብረት በሩ ርቃችሁ ቁሙ። ዲሽ ጣሪያው ላይ ካለ ገመዱን ከቴሌቪዥኑ ንቀሉ፤ ይህንንም ነጎድጓዱ ሳይቀርብ አድርጉት። ሊጥ ቢፈስም የኤሌክትሪክ ምጣዱ ይቁም። ከቧንቧ ውኃ አትታጠቡ። በቻርጀር የተሰካ ስልክ አትያዙ፤ ያልተሰካ ስልክ ግን መብረቅ አይጠራም።

ርቀቱን መለካት ቀላል ነው። ብልጭታው እንደታየ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰኮንድ ቁጠሩ። ድምፅ በሰኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ በየሦስቱ ሰኮንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። 30 ከመቁጠራችሁ በፊት ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ቅርብ ነው፤ በዚያ ርቀት ደግሞ ቀጣዩ እናንተ ጋ ሊወድቅ ይችላል። ግቡ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ። ብዙ ሰው የሚመታው ዝናቡ አባርቷል ብሎ ቶሎ ሲወጣ ነው።

መስክ ላይ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ወደ ዛፍ መሮጥ ነው። ዛፉ ሲመታ ኃይሉ በሥሩ መሬት ላይ ይሰራጫል፤ በአንድ እግርና በሌላው መካከል ያለው ርቀት በሰፋ መጠን በሰውነት የሚያልፈው ይበዛል። ከብት ብዙ የሚሞተው የፊትና የኋላ እግሩ ስለተራራቀ፣ መንገዱም በልቡ በኩል ስለሚያልፍ ነው። ልጁ ከዛፉና ከከብቶቹ ይራቅ፤ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይውረድ፤ መሄጃ ካጣ እግሮቹን ገጥሞ ቁጢጥ ይበል፣ አይተኛ። ብዙ ልጆች ከሆኑ ቢያንስ 15 ሜትር ተራርቀው ይሁኑ፤ አንዱ ከተመታ ሌላው ይረዳዋልና። ውኃ ላይ ያለ አሳ አጥማጅ ወደ ዳር ይውጣ፤ ካልቻለ መረቡን ትቶ በጀልባው መሐል ዝቅ ይበል፣ እጁን ከውኃው ያውጣ።

ትምህርት ቤት ላይ የመብረቅ መከላከያ ለመትከል የሚያስብ ርዕሰ መምህር ሦስት ነገር ይመርምር፤ ጣሪያው ላይ የቆመው ዘንግ፣ ከእሱ የሚወርደው የመዳብ ሽቦ፣ መሬት ውስጥ የተቀበረው ዘንግ። ሽቦው ከተቆረጠ ወይም ከተሰረቀ ላይ የቀረው ዘንግ ያለመከላከያ ከመሆን የባሰ ነው።

ነፋሱ አልፎ ወደ ውጭ ስትወጡ የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ፣ እርጥብ መሬት ላይ ከሆነ በተለይ፣ 10 ሜትር ራቁና ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ አስታውቁ፤ መብራት ስለጠፋ ሽቦው ሞቷል ብላችሁ አትንኩ።

በመብረቅ የተመታ ሰው ካለ ግን ወዲያው ንኩት፤ ሰውነቱ ውስጥ የቀረ ኤሌክትሪክ የለም። አፈር ውስጥ እንቅበረው የሚል ቢኖር አትስሙ፤ የሚገድለው ጊዜው ነው። ብዙ ሰው ከተመታ ከሌላው አደጋ በተቃራኒ የሞተ የሚመስለውን አስቀድሙ። የሚጮኸውና የሚንቀሳቀሰው በአብዛኛው ይተርፋል፤ ጸጥ ያለው ልቡና ትንፋሹ ቆሞ ሊሆን ይችላል፣ እሱም በእጃችሁ ሊመለስ ይችላል። በጀርባው አስተኙት፤ በደረቱ መሐል በሁለት መዳፍ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች እየገፋችሁ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ተጫኑ። የሚያውቅ ሰው ካለ በየ30 ጭነቱ ሁለት ትንፋሽ ይስጠው። ስትደክሙ ተተካኩ። ሲነቃም «ደህና ነኝ» ቢል እንኳ፣ የጆሮው ታምቡር ሊቀደድ፣ ልቡ ከሰዓታት በኋላ ሊዛባ ስለሚችል፣ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይወሰድ፤ ከደቅ ወይም ከዘጌ ከሆነ ጀልባው የሚነሳው ሐይቁ ከረጋ በኋላ ነው።